ማክግሬጎርና ድራሞንድ አንድ ቤተሰብ ሊሆኑ ይችላሉ?

እህቴ፣ የባለቤትሽ ቤተሰብ በ1850ዎቹ መዝገብ ማክግሬጎር፣ በ1760ዎቹ ግን ድራሞንድ ተብሎ ስላገኘሽው «የሌላ ሰው ዘር ይዘን ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። የሌላ ሰው ላይሆን ይችላል። እኔም ያገባሁት ማክግሬጎር ነው፤ የልጆቼን ሐረግ ስቆጥር እዚያው ዘመን ላይ ደርሼ ሁለት ዓመት ተደናግሬያለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ማክ» በስኮትላንድ ጌሊክ ልጅ ማለት ነው፤ ግሬጎር ደግሞ የእኛው ጎርጎርዮስ። ወልደ ጎርጎርዮስ እንደማለት ነው፤ አማቴ ይህን ስነግራቸው እንዴት ደስ እንዳላቸው! ጥንተ አገራቸው በስኮትላንድ ደጋ ግሌን ኦርኪና ግሌን ስትሬ ነው። ከንጉሥ ኬኔት ማክአልፒን ወንድም እንወለዳለን ይላሉ። ለልጆችሽ ስትነግሪያቸው ትውፊት መሆኑን አብረሽ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ ድራሞንድ። በ1603 ፌብሩዋሪ ማክግሬጎሮች ግሌን ፍሩን በሚባል ሸለቆ ኮልሁን የተባለውን ጎሳ ወግተው ብዙ ሰው ፈጁ። የስኮትላንድ ንጉሥ 6ኛው ጄምስ የእንግሊዝን ዙፋን ሊይዝ ወደ ለንደን ሊነሳ ሲሰናዳ፣ ኤፕሪል 3 ቀን፣ ስሙ ራሱ ታገደ። ማክግሬጎር ተብሎ መጠራት በሞት የሚያስቀጣ ሆነ። አለቃቸው አላስዴር በ1604 መጀመሪያ ኤደንብራ ላይ ተሰቀለ። ቆይቶም ከአራት በላይ ሆነው እንዳይሰበሰቡ፣ ምግብ ከሚቆርጡበት ጫፍ የለሽ ቢላ በቀር ስለት እንዳይዙ ታዘዘ። በአባት ስም መጠራት ወንጀል ሲሆን ሰዉ የእናቱን ወይም የባላባቱን ስም ያዘ፦ ድራሞንድ፣ መሪ፣ ካምቤል፣ ግራንት፣ ስቱዋርት። 2ኛው ቻርልስ እገዳውን በ1661 ቢያነሳውም በ1693 ተመለሰ፤ የተሻረው በ1774 ነው። ያንቺ 1760ዎች እዚያ መሃል ናቸው። ስመ ጥሩው የማክግሬጎር ሽፍታ ሮብ ሮይ እንኳ የእናቱን ስም ይዞ ካምቤል ይባል ነበር። ባልዊደር ያለው መቃብሩ ላይ «እነሱ ባይወዱም ማክግሬጎር» የሚል ተቀርጿል፤ ልጆቼን ወስጄ ሳነብላቸው እንባዬ መጣ።

እኔን ከድንግርግሩ ያወጣኝ የአባትን ስም ትቼ እናቲቱንና እርሻውን መከተሌ ነው። የስኮትላንድ ሴት ብታገባም በመዝገብ የምትጻፈው ብዙ ጊዜ በአባቷ ቤት ስም ነው፤ እንደ እኛው። በእኛ ቤት በ1771 የተጠመቀው ልጅ አባቱ ካምቤል፣ በ1778 የተጠመቀው ደግሞ ማክግሬጎር ተብሎ ተጽፏል። እናቲቱ አንድ፣ እርሻው አንድ። ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ።

ስለዚህ ከቅርቡ ጀምሪ። የመንግሥት ምዝገባ የተጀመረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1855 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሞተ ሰው ማስረጃ የአባቱንና የእናቱን ስም ይይዛል። ከዚያ በፊት ላለው የደብር መዝገብ ነው፤ ሁለቱም በመንግሥቱ ስኮትላንድስ ፒፕል ድረ ገጽ ይገኛሉ። ድራሞንድ የሚባል ሁሉ ግን ስሙን የለወጠ ማክግሬጎር አይደለም፤ ራሱን የቻለ ትልቅ ቤተሰብ ነው። እርሻውና እናቲቱ ካልገጠሙ አትቀጥሊ።

ደግሞ «የቤተሰባችሁ ጋሻ» (የዘር አርማ) እያሉ የሚሸጡትን አትግዢ። እኔ ኤደንብራ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ነበር፤ በስኮትላንድ ሕግ ጋሻ የተሰጠው ሰው ነው እንጂ የስሙ ተጋሪ ሁሉ አይደለም።

የ1760ዎቹ መዝገብ ላይ የእናቲቱ ስምና የእርሻው ስም ካለ እዚሁ ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።