መልስ፦ በስዊዘርላንዷ የስኪ መንደር በዘርማት በረዶው ጠዋት ያዳልጣል፣ ከሰዓት ገንፎ ይሆናል፤ መቼ ልውጣ?

ወደ ተራራው የሚያወጣው ሊፍት እንደተከፈተ አትሩጥ። በኤፕሪል ጠዋት የምትረግጠው ትናንት ቀልጦ ሌሊት የረጋውን ውሃ ነው። በስዊስ ሰዓት 10፡00 ግድም ጀምርና ፀሐይዋን ተከተል፦

1. መጀመሪያ ፊቱን ወደ ምሥራቅ የሰጠው ቁልቁለት፣
2. ቀጥሎ የደቡቡ፣
3. ከቀትር በኋላ የምዕራቡ።

ልኩ ላዩ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ለስልሶ ሥሩ ጠንካራ ሲሆን ነው። ቡትህ እስከ ቁርጭምጭሚት ከሰመጠ አልፎበታል፤ ወደ ላይ ውጣ። መንደሩ 1,600 ሜትር ላይ ነው፣ ከእሱ በላይ ያለው የክላይን ማተርሆርን ተራራ የሊፍት ጣቢያ ግን ከ3,800 ያልፋል፤ እዚያ በረዶው ቶሎ አይበላሽም። ስኪው እየያዘ ካስቸገረህ ጉዳዩ ከስኪው ሥር የሚቀባው ሰም ነው፣ ለእርጥብ በረዶ የሚሆነውን ቀባ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ማታ ሰማዩን እይ። ጥርት ብሎ ካደረ በረዶው ሙቀቱን ለቆ ይጠነክራል። ደመና ሸፍኖት ካደረ ግን፣ አንተን ቢበርድህም እሱ በደንብ አይረጋም፤ እርጥብ የበረዶ ናዳም ከሰዓት እስኪሆን አይጠብቅም። እንዲህ ባለው ቀን ከተከለለው መስመር ንቅንቅ አትበል። የናዳ ማስጠንቀቂያው በአውሮፓው ክረምት፣ በበረዶው ወራት፣ 17፡00 ላይ ይወጣል፣ ጠዋት 8፡00 ይታደሳል። የአደጋ ደረጃውን ቁጥር ብቻ አይተህ አትዝጋው፤ ስለ እርጥብ በረዶ ለብቻው የተጻፈ ካለ ለአንተ የሚያስፈልገው እሱ ነው።