ውሻዬ ሌላ ውሻ ሲያይ ያብዳል፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ቤት ውስጥ ጨዋ የሆነ ውሻ ከበር ሲወጣ ይለወጣል። ይጮኻል፣ ይዘላል፣ ገመዱን ይጎትታል። ሰው «ባለጌ ውሻ» ብሎ ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ውሻው ፈርቷል፤ እኔም የምመልሰው ከዚያ ተነስቼ ነው።

«የሦስት ዓመት ወንድ ውሻ አለኝ። መንገድ ላይ ሌላ ውሻ ካየ ገመዱን ሊበጥስ ይደርሳል። ምግብ ብሰጠው እንኳ ዞር ብሎ አያየውም። ሥልጠና የማይገባው ይሆን?»

ይገባዋል። ምግቡን አለማየቱ ራሱ ብዙ ነገር ይነግረናል። በጣም የፈራ ውሻ ምግብ አይታየውም። ስለዚህ ሥልጠናውን የሞከሩት ለሌላው ውሻ በጣም ቀርበው ነው።

መጀመሪያ የሚችለውን ርቀት ይፈልጉለት። ሌላውን ውሻ ያያል፣ ጆሮውን ይቀስራል፣ ግን ገና ይበላል፤ ስሙን ሲጠሩትም ይዞራል። ያ ቦታ ለአንዱ ውሻ 20 ሜትር ነው፣ ለሌላው 100። ሰፊ ሜዳ ይመቻል። መሸሻ የሌለው ጠባብ መንገድ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር ቅደም ተከተል ነው። ውሻዎ መጀመሪያ ያያል፤ ሥጋው የሚመጣው ካየ በኋላ ነው። ያኛው ውሻ ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ ትንንሽ ቁራጭ ያከታትሉለት። ሲጠፋ ምግቡም ይቁም። ምግቡ ቀድሞ ከመጣ ነገሩ ይገለበጣል። እጅዎን ወደ ኪስ ሲሰዱ «የሚያስፈራ ነገር ሊመጣ ነው» ብሎ መጠርጠር ይጀምራል። ቁራጩ ከጣት ጥፍር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ግን ሽታ ያለው፣ በጣም የሚወደው ነገር ይሁን። በየቀኑ የሚበላው ደረቅ ምግብ ለዚህ አቅም የለውም።

ደጋግመው ከሠሩት የሆነ ቀን ለውጡን ያዩታል። ሌላውን ውሻ ያይና አፉ ይላላል፣ ትከሻው ይለሰልሳል፣ ዞሮ «የታለ ሥጋዬ?» ያለ ይመስል ፊትዎን ያያል። ይህን ደጋግሞ ሲያደርግ ብቻ ጥቂት ርምጃ ይቅረቡ። ከጮኸ አይቆጡት፣ ሳብ ሳብም አያድርጉት። ዞር ብለው ይራቁ። እየጮኸ የሚማረው ነገር የለም። ይህችን መዞር ቤት ውስጥ በአንድ ቃል አስቀድመው ያለማምዱት። «እንዙር» ይበሉ፣ ይዙሩ፣ ሲከተልዎ ይሸልሙት። መንገድ ላይ ድንገት ውሻ ብቅ ሲል ሁለታችሁም ሳትደናገጡ ታደርጉታላችሁ።

«ሲጮህ ምግብ ከሰጠሁት ጩኸቱን መሸለም አይሆንም?»

ውሻው የሚጮኸው ስለፈራ ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ስሜት ነው። ሥጋ ስለተሰጠው ፈሪነቱ አይብስበትም። የፈራን ውሻ ማቀፍና ማረጋጋትም አያበላሸውም። ይልቅ እየጮኸ ከሆነ መጀመሪያ ያርቁት፤ በዚያ ሰዓት ከምግቡ በላይ የሚያስፈልገው ርቀት ነው።

«ውሻዬ ስታጉረመርም በገመድ ሳብ አድርገህ ቅጣት ተባልኩ። ኤሌክትሪክ ያለው የአንገት ማሰሪያ ግዛም ብለውኛል።»

እባክዎ አያድርጉት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። «አትቅረቡኝ፣ ፈርቻለሁ» ማለቷ ነው። ቅጣቱ ድምፁን ያጠፋው ይሆናል፤ ፍርሃቱ ግን እዚያው ነው። መጨረሻ ላይ ሳታስጠነቅቅ የምትነክስ ውሻ ልትሆን ትችላለች። ደግሞም ሌላ ውሻ ባየች ቁጥር አንገቷን ካመማት ሕመሙን ከዚያ ውሻ ጋር ታያይዘዋለች። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች የእንስሳት ባሕርይ ማኅበር በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ለማንኛውም ውሻ፣ ቁጡ የሆነውንም ጨምሮ፣ በሽልማት የሚሰጥ ሥልጠናን ነው የሚመክረው።

ከማጉረምረሟ በፊት የሚመጡትን ምልክቶች ማወቅ ይሻላል። ምግብ ሳይኖር ከንፈሯን ትልሳለች። እንቅልፍ ሳይመጣባት ታዛጋለች። የዓይኗ ነጭ ጎልቶ ይወጣል። ክፍት የነበረው አፏ ግጥም ይላል፣ ሰውነቷ ይደርቃል። እዚህ ላይ ከራቁ ማጉረምረም ላይ አትደርስም።

«ጠዋት በውሻ አጠገብ ዝም ብሎ አለፈ። ማታ ግን በትንሹ ፈነዳ። ምን ነካው?»

ጭንቀት ይጠራቀማል። ጠዋት ሞተር ሳይክል አስደነገጠው፣ ቀን እንግዳ መጣ፣ ከሰዓት በር ተንኳኳ። እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ ነው፤ ሲደራረብ ግን ማታ ላይ ትዕግሥቱ አልቋል። የድንጋጤ ሆርሞኖችም ወዲያው አይረግቡም። ከባድ ቀን ካለፈበት በማግሥቱ የእግር ጉዞውን ይተዉለት። ምንም አይጎዳውም። ጓሮ ወይም ቤት ውስጥ ምግቡን በትነው በአፍንጫው እያነፈነፈ ይልቀመው። ማነፍነፍ ውሻን ያረጋጋል፤ ደስ ብሎትም ይደክማል።

«ሐኪሙ መድኃኒት እንጀምርለት አለኝ። ተሸነፍኩ ማለት ነው?»

በፍጹም! አንዳንድ ውሻ ፍርሃቱ ከመብዛቱ የተነሳ የሚማርበት ርቀት ጭራሽ አይገኝለትም። መድኃኒቱ ያንን ቦታ ይከፍትለታል። ሥልጠናውን ግን አይተካም። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉት ጭንቀት የሚቀንሱ መድኃኒቶች ውጤታቸው እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ። የሰው መድኃኒት ከቤትዎ አንስተው ግን አይስጡት። ሌላም ልጠይቅዎ፤ ሕመም እንዳለበት ታይቷል? ጥርስ፣ ጆሮ፣ መገጣጠሚያ የሚያመው ውሻ ቁጡ ይሆናል። በተለይ ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ ምርመራው ይቅደም።

«የአፍ መሸፈኛ ባደርግለት ይከፋዋል?»

በግድ ካጠለቁለት አዎ። ቅርጫት መሳይ የሆነውን ይምረጡ፤ አፉን ከፍቶ እንዲያለከልክ፣ ውሃ እንዲጠጣ፣ ምግብም እንዲቀበል የሚያስችለውን። ውስጡ ሥጋ ያስቀምጡና ራሱ አፉን ያስገባ። ወዶ ማስገባት እስኪለምድ ድረስ ማሰሪያውን አይቆልፉ። ከዚያም ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ቆልፈው ይፍቱለት፣ ቀስ በቀስ ያርዝሙት። መንገድ ላይ «ልዳብሰው?» የሚል ሰው ከመጣ ግን መሸፈኛ ቢኖረውም መልስዎ «ይቅርታ፣ አይሆንም» ይሁን።