በ21 ቀን ክሩዝ 30 ስቴሽን? መጀመሪያ ሊትሩንና ሰዓቱን ቁጠሪ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት አይቼው ነበር፣ በስልክ የሚጻፍ ስላልሆነ ነው ዛሬ ኮምፒውተር ከፍቼ የመጣሁት። ላላያችሁት፣ አማካሪዋ የ21 ቀን የምርምር ክሩዝ (የመርከብ ጉዞ) ፕላን አርቅቂ ብሏታል፣ እሷ ደግሞ 30 ስቴሽን ላይ እየቆመች በየስቴሽኑ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና አይረን (ብረት) ጨምራ የባህሩ ማይክሮቦች (በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ፍጥረታት) የቱ እንደጎደላቸው ማየት ትፈልጋለች፣ ይሄ ይቻላል ወይ ከየትስ ልጀምር ነው ያለችው። እኔ በተማሪነትም በቴክኒሻንነትም 7 ጊዜ ወጥቻለሁ፣ ሁለቱን ያቀድኩት እኔ ነኝ፣ ከሁለቱ አንዱን ያበላሸሁትም እኔው ነኝ፣ እሱንም እነግርሻለሁ።

30ው አይቻልም። 6 ከሰራሽ ጎበዝ ነሽ።

ካርታ ላይ ነጥብ መደርደር ደስ ይላል፣ ሁላችንም የጀመርነው እንደዛ ነው። ግን እስቲ ወረቀት አውጪና ቁጠሪ። ሶስት ኒውትረንት (የምትጨምሪያቸው ንጥረ ምግቦች) ማለት ሶስቱ ለየብቻ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሶስት፣ ሶስቱም አንድ ላይ፣ ከዛ ምንም ያልተጨመረበት ኮንትሮል፣ ስምንት ሆነ። እያንዳንዱ በሶስት ድጋሚ ስታደርጊው 24 ጠርሙስ። ባለ 4 ሊትር ከሆነ 96 ሊትር፣ ማለቅለቂያና የመነሻ ሳምፕል ሲጨመር ከ100 በደንብ ያልፋል። ይሄ አንድ ሙከራ ብቻ ነው። 30 ጊዜ ስትይ 720 ጠርሙስ ማጣራት ማለት ነው፣ ንጹህ የውቅያኖስ ውሃ ደግሞ በ0.2 ማይክሮን ፊልተር ሲያልፍ ቁጭ ብለሽ ጠብታ ነው የምትቆጥሪው። ማን ነው የሚያጣራልሽ? ስንት ፓምፕ አለሽ? አማካሪሽ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው፣ ካልጠየቀሽም አንቺ ጠይቂው።

ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። መርከቡ በ10 ኖት ሲሄድ በቀን 240 የባህር ማይል ነው፣ ወደ 444 ኪሎሜትር። መውጫና መመለሻ 3 3 ቀን ብትይ 6 ሄደ፣ ለአየር ጸባይ ቢያንስ 2 ያዢ (እኔ 3 ነው የምይዘው)፣ 13 ቀረሽ። የሲቲዲ ሮዜቱ (ጨውነት፣ ሙቀትና ጥልቀት የሚለካው፣ ውሃ መቅጃ ጠርሙሶች ዙሪያውን የታሰሩበት መሳሪያ) በደቂቃ 60 ሜትር ቢወርድ 4000 ሜትር ለመድረስ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ መልሶ ለመውጣት ያው፣ ጠርሙስ ለመዝጋት በየጥልቀቱ ሲቆም ወደ ሶስት ሰዓት ይጠጋል። ያንቺ ጥያቄ ብርሃን የሚደርስበት የላይኛው 200 ሜትር ላይ ነው፣ ስለዚህ 1000 ሜትር ይበቃሻል ብለሽ ድርቅ በይ፣ ጥልቁን የሚፈልግ ሌላ ቡድን ካለ በራሱ ሰዓት ይውሰድ። 30ው ስቴሽን ቢያምርሽ የቀሩትን ሲቲዲና ኒውትረንት ሳምፕል ብቻ አድርጊው፣ ሙከራው ግን 6።

6ቱ የት ይሁኑ የሚለው ነው ዋናው። ዝም ብሎ እኩል እኩል ርቀት አይደለም። በትልልቆቹ የውቅያኖስ አዙሪቶች መሃል ላይኛው ውሃ ላይ ናይትሬት (ማይክሮቦቹ የሚጠቀሙበት የናይትሮጅን አይነት) የለም ማለት ይቀላል፣ እዛ አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅን ነው የሚጎድለው። ደቡባዊው ውቅያኖስና ምድር ወገቡ ላይ ያለው ፓስፊክ ደግሞ ናይትሬት ተርፎ ፋይቶፕላንክተኑ (እንደ ተክል በብርሃን የሚያድገው ጥቃቅን ፍጥረት) ግን አያድግም፣ የውቅያኖስ ተመራማሪው ጆን ማርቲን አይረን ነው የጎደለው ያለው ይሄንን አይቶ ነው፣ በ1993 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ጋላፓጎስ አካባቢ ባህሩ ላይ አይረን ተጨምሮ ሲሞከር እሱ ከጥቂት ወራት በፊት አርፎ ነበር፣ ውጤቱን አላየውም። የሚገርመኝ ግን ምስራቅ ሜዲትራኒያን ነው። እዛ ፎስፈረስ ነው የሚጎድለው ተብሎ በ2002 ባህሩ ላይ ፎስፌት ጨመሩ፣ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል ብሎ ሲጠብቅ ክሎሮፊሉ (ፋይቶፕላንክተኑ የሚለካበት አረንጓዴ ቀለም) ጭራሽ ቀነሰ፣ ባክቴሪያውና ዙፕላንክተኑ (ጥቃቅን የባህር እንስሳቱ) ነው የጨመረው። ክሎሮፊል ብቻ ለክተው ቢመለሱ ኖሮ ምንም አልሆነም ወይም ተባብሷል ብለው ነበር የሚጽፉት። ስለዚህ ውሃ አጠረኝ ብለሽ የባክቴሪያ ቆጠራውን እንዳትሰርዢው፣ እሱ እኮ ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው የሚፈልገው፣ ፊክስ አድርጎ (በኬሚካል ባለበት አቁሞ) ማቀዝቀዝ ነው በቃ። ጥምሮቹንም አትቁረጪ፣ ደቡብ አትላንቲክ ውስጥ ናይትሮጅን ብቻ ወይ አይረን ብቻ ሲጨመር እምብዛም የማይነቃነቅ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚፈነዳ ውሃ አለ። ከድጋሚ ቁጥር ሶስትን ወደ ሁለት አውርጂ የሚልሽም ይኖራል፣ አትስሚው፣ ስቴሽን ቀንሺ እንጂ ድጋሚ አትቀንሺ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አይረን ላይ ላዩን ውሃ ውስጥ ብዙ ቦታ በሊትር ከ0.2 ናኖሞል በታች ነው፣ የቆምሽበት መርከብ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ብረት ነው። ለአይረን የሚሆነው ውሃ ቴፍሎን በተቀባ ጠርሙስ፣ በኬቭላር ወይም ሌላ ብረት ባልሆነ ገመድ ነው የሚቀዳው፣ ጠርሙሶቹም በአሲድ ታጥበው፣ አየሩ በተጣራ ክፍል ውስጥ ነው የሚሞላው። እኔ ይሄን አውቃለሁ፣ አንብቤዋለሁ። ግን ንጹሁን ሲስተም ሌላ ቡድን በተራ ይጠቀምበት ነበርና ከሰዓቴ ጋር ሲጋጭብኝ ለአንዴ ብቻ ብዬ ከተራው ሮዜት ቀዳሁ፣ አንዴ ያልኩት አራት ሆነ። ክሎሮፊሉን ደግሞ ስንመለስ እንለካዋለን ብዬ ፍሪዘር ውስጥ አከማቸሁት። ከወር በኋላ ላብ ውስጥ ስለካ ኮንትሮሉና አይረን የተጨመረበት አንድ ናቸው፣ ሁለቱም አድገዋል። አይረኑን እኔው ነኝ ለሁሉም ያጠጣሁት ማለት ነው። አራት ሙከራ፣ 96 ጠርሙስ፣ የስንት ሰው እንቅልፍ። ያን ቀን ምሳም አልበላሁም።

ከዛ ወዲህ ሁለት ነገር ሳላደርግ ፕላን አልጽፍም። የመጀመሪያው ቀን ላይ መሞከሪያ ስቴሽን አለ፣ ለዳታ አይደለም፣ ማን የት ይቆማል፣ ገመዱ ይሰራል ወይ፣ የቱ ቱቦ ያፈሳል የሚለውን ለማየት ነው። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ሙከራ ክሎሮፊል እዛው መርከቡ ላይ ይለካል፣ ኮንትሮሉ ከመነሻው ብዙ ከፍ ካለ ወይም ከአይረኑ ጋር ከተካከለ ሁሉም ነገር ቆሞ ምክንያቱ ይፈለጋል።

በነገራችን ላይ አሞኒየም (ሌላው የናይትሮጅን አይነት) እንዳትረሺ። የጽዳት ፈሳሽ፣ ሲጋራ፣ የእጅ ላብ፣ ከመርከቡ የሚወጣ ፍሳሽ፣ ሁሉም ናይትሮጅን ነው። ስቴሽን ላይ ሳለን ፍሳሽ እንዳይለቀቅ ብለሽ ካፒቴኑን ቀድመሽ በጽሁፍ ጠይቂ፣ በቃል ከሆነ የሌሊት ፈረቃው አይሰማም።

ሌላው ዴክ (የመርከቡ ክፍት ወለል) ላይ ያሉት ኢንኩቤተሮች (ጠርሙሶቹ የሚቆዩባቸው ገንዳዎች) ናቸው። ሙቀታቸውን የሚጠብቁት ከመርከቡ ስር በሚቀዳ የባህር ውሃ ነው፣ ስለዚህ መርከቡ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ከሄደ ጠርሙሶችሽም አብረው ይበርዳሉ፣ ከዛ ያየሽው ለውጥ የኒውትረንቱ ይሁን የብርዱ አታውቂም። መንገዱን ስታወጪ በሙከራው ጊዜ፣ ማለት 48 ወይም 72 ሰዓት፣ ተመሳሳይ ሙቀት ያለው ውሃ ውስጥ እንድትቆዩ አድርጊ፣ ሌሎቹ ቡድኖች ሲቲዲያቸውን እዛው አካባቢ ይስሩ። ከዛ በላይ አታቆዪው፣ ጠርሙስ ውስጥ የታሰረ ማህበረሰብ በራሱ መቀየር ይጀምራል። ለብርሃኑም ሰማያዊ ወይም ጥላ የሚሰጥ መሸፈኛ ውሃው እንደመጣበት ጥልቀት ታለብሻቸዋለሽ።

ሙከራዎቹ ሁሉ በተመሳሳይ ሰዓት ይጀመሩ፣ እኔ ከንጋት በፊት ነው የማደርገው። ፕሮክሎሮኮከስ የሚባለው፣ በ1988 ይፋ የሆነው 0.6 ማይክሮን ገደማ የሆነ ፍጥረት፣ አዙሪቶቹን የሞላው እሱ ነው፣ ቀን አድጎ ወደ ምሽት ነው የሚከፈለው፣ ጂኖቹም በሰዓት ነው የሚበሩትና የሚጠፉት፣ አንዱን ስቴሽን ጠዋት ሌላውን ማታ ከወሰድሽ የምታነጻጽሪው ቀንና ሌሊትን እንጂ ቦታን አይደለም። አርኤንኤ (የትኞቹ ጂኖች እንደበሩ የሚያሳየው ሞለኪውል) የምትለኪ ከሆነ ደግሞ ውሃው ዴክ ላይ ከደረሰ በኋላ የምትፈጂው ደቂቃ ሁሉ ሳምፕሉን ይቀይረዋል፣ አጣርተሽ ወዲያው ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን። ሮዜቱ ሲወጣ ግን ኦክስጅን የሚለኩት ናቸው መጀመሪያ የሚቀዱት፣ ጋዝ ስለሚያመልጥ፣ እዛ ላይ አትጣዪ፣ ይልቅ ለአርኤንኤ የራስሽ ጠርሙስ እንዲመደብልሽ አስቀድመሽ ተስማሚ።

ወረቀቱን ባጭሩ፣ የሌላ አገር 200 የባህር ማይል ውስጥ ከገባሽ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የባህር ሕጉ ስምምነት መረጃው ቢያንስ ከ6 ወር በፊት ይቅረብ ይላል፣ አንቺ ከዓመት በፊት ጀምሪ። አሲድ፣ ፎርማሊን ምናምን መላክ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ራዲዮአክቲቭ ነገር ካላስገደደሽ ተዪው፣ አንዷ ጠብታ የሌላውን ሰው የካርቦን 14 ልኬት ታበላሻለች፣ ጠላት ነው የምታፈሪው።

ፕላኑ ላይ 6ቱን በቅደም ተከተል ጻፊና ማዕበል 3 ቀን ከበላ የትኛው እንደሚሰረዝ ከአሁኑ ወስኚ፣ ባህር ላይ እንቅልፍ አጥተሽ የምትወስኚው ውሳኔ ውሳኔ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደግሞ ግማሹ ሰው በባህር ህመም ተኝቶ ነው የሚያልፈው፣ ከባዱን ሙከራ እዛ ላይ አትጫኚ። ፓምፕ፣ ቱቦ፣ ፊልተር በእጥፍ ያዢ። ቦታ ከመምረጥሽ በፊት በሃዋይና በቤርሙዳ አቅራቢያ ከ1988 ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚለካባቸው ጣቢያዎች ዳታ ክፍት ነው፣ ኒውትረንቱ በየወቅቱ እንዴት እንደሚቀያየር እዛ ላይ ታያለሽ፣ ላንቺ አካባቢ ደግሞ የሳተላይት ክሎሮፊልና የአርጎ ተንሳፋፊዎቹን (ውቅያኖስ ላይ እየተንሳፈፉ የሚለኩ መሳሪያዎች ናቸው) እዪ።

የጠርሙስና የሊትር ሰንጠረዡን ሰርተሽ እዚሁ ለጥፊውና አየዋለሁ። ጠርሙስ ማጠቡን ግን ፕላኑ እስኪጸድቅ አትጠብቂ፣ 6ቱ ሙከራ ለየብቻው 24 ከሆነ 144 ጠርሙስ በአሲድ ይነከራል፣ እሱ ብቻውን ሳምንታት ነው።