ልጅነት፣ መጠጥና መሪ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የምሠራው በሱስ ሕክምና ላይ ነው። ጠጥተው ስለሚነዱ ወጣቶች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የልጅነት መከራን ጠጥቶ ከመንዳት ጋር ምን አገናኘው? ለአጥፊ ሰበብ መፈለግ አይሆንም?

መልስ፦ ከቅጣት አያድንም። ግንኙነቱ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ሳንዲዬጎ ውስጥ ከ9 ሺህ በላይ አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው ተጠይቀው ነበር። ተደብድበሃል? ቤት ውስጥ ጠጪ ነበር? እናትህ ስትመታ አይተሃል? አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት መከራ የቀመሱት፣ ምንም ካልደረሰባቸው ይልቅ ለአልኮል ሱስ፣ ለዕፅ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ የነበራቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ነበር።

በድንጋጤ ያደገ ልጅ ሰውነቱ ሁሌም በተጠንቀቅ ነው። ሕክምና ላይ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ነገር አለ፦ «መጀመሪያ የጠጣሁ ቀን ጭንቅላቴ ዝም አለልኝ»። ያን እፎይታ ያገኘ ሰው ተመልሶ ይፈልገዋል። በዚያ ላይ፣ ሞቅ ብሎት ከሚነዳ አባት ኋላ ተቀምጦ ያደገ ልጅ ነገሩን እንደ ነውር አያየውም። ሁልጊዜ ቤት ይደርሱ ነበራ!

ጥያቄ፦ እኔ እንዲያውም ስጠጣ ተጠንቅቄ ነው የምነዳው።

መልስ፦ ይሄን ያላለኝ የለም። አልኮል ቀድሞ የሚወስደው ራስን የመመዘን አቅምን ነው። «ደህና ነኝ» እያለህ ያለው የጠጣው ጭንቅላትህ ነው።

ጥያቄ፦ ጫት ቅሜ ሁለት ድራፍት ለጨብሲ ብል፣ ምርቃናው ስካሩን አያጠፋውም?

መልስ፦ አያጠፋውም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። ጫቱ እንቅልፉን ያባርርልሃል፤ ደምህ ውስጥ ያለው አልኮል ግን እዚያው ነው። ንቁ የሆንክ ይመስልሃል፣ ስለዚህ ትጨምራለህ፣ ትፈጥናለህ። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድካሙ በአንዴ ይከመራል። ጫት የሚያመላልሱትን አይሱዙዎች ሰው «አልቃይዳ» ያላቸው ወዶ አይደለም።

ጥያቄ፦ ተኝቼ፣ ቡና ጠጥቼ ጠዋት ብነዳስ?

መልስ፦ ቡናም ሻወርም አልኮልን አያወጡም። የሚያወጣው ጉበት ነው፣ እሱም በራሱ ፍጥነት። ደም ውስጥ ያለው የአልኮል መጠን በአማካይ በሰዓት 0.015 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጠጣት ሲያቆም 0.15 የደረሰ ሰው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ገና 0.06 አለው። በ0.05 እንኳ የፍሬን እግር ይዘገያል። ንጹሕ የሚሆነው ወደ ቀኑ 6 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ 18 ዓመት የሞላው መጠጣት ይችል የለ?

መልስ፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ 21 አድርጎታል። መታወቂያ የሚጠይቅ ግሮሰሪ ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ 23 ዓመቱ ነው። አባታችን በቀበቶ እየገረፈ ነው ያሳደገን። አሁን በየሳምንቱ ጠጥቶ ይነዳል፤ ስናገረው ይጮህብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሲጠጣና ማታ አትናገሪው። ጠዋት፣ ለብቻው ያዢው። «ሰካራም ሆንክ» ሳይሆን ያየሽውን ንገሪው፦ «ቅዳሜ መከላከያው ተገጭቶ መጣህ፣ እንዴት እንደሆነም አላስታወስክም»። ስለ አባታችሁ አንቺ ቀድመሽ አትክፈቺው፤ እሱ ከጀመረው ግን ዝም ብለሽ ስሚው። አንቺም እኮ እዚያው ቤት ነው ያደግሽው፤ የምታዋሪው ሰው ያስፈልግሻል።

የመኪናው ጉዳይ ግን እሱ እስኪድን አይጠብቅም። ቁልፉ መወሰድ ያለበት ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት ነው፤ ከአራተኛው በኋላ ልመና ዋጋ የለውም። መኪናው ቤት ይደር፣ በራይድ ወይም በፈረስ ታክሲ ይሂድ። እሱ እየነዳ ከሆነ አትሳፈሪ፣ ልጆችም አይሳፈሩ።

በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ በአንዴ አቁም አትበይው። የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያንዘፈዝፈው አለ፤ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው። «አማኑኤል ሆስፒታል የእብድ ነው» ካለሽ፣ በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ካስፈለገ ወደሚመለከተው እነሱ ይልኩታል።