ትኩሳት ሲይዛችሁ ወደ ፋርማሲ አትሩጡ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ከተወለዳችሁ ጀምሮ የልብ በራችሁ (ቫልቭ) ችግር ላለበት፣ እንዲህ ያለ ታናሽ ላላችሁም ነው። እኔ ጸጉሬን ያሸበትኩት በሕፃናት ሐኪምነት ነው።

ብዙዎቻችሁ ልባችሁን ከሩጫና ከደረጃ ትጠብቃላችሁ። አፋችሁን ግን ትረሳላችሁ። ኢንዶካርዳይተስ የሚባለው የልብ ኢንፌክሽን አንዱ መነሻው እሱ ነው። ድድ ሲደማ የአፍ ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል። በሩ ከጠበበ ወይም ካፈሰሰ ደሙ እየተገፋፋ ስለሚያልፍ ሽፋኑ ይጎዳል፤ ባክቴሪያው እዚያ ተጣብቆ ይራባል። በሩን ይበላል። ቁራሹ ተገንጥሎ አንጎል ሊደርስም ይችላል።

ስለዚህ ጠዋት ማታ ጥርሳችሁን ቦርሹ። መፋቂያም ይሆናል፣ ድድ እስካላደማ። የተበላ ጥርስ ሳይጠዘጥዛችሁ አሳዩ። ከመነቀሉ በፊት ደግሞ "የልብ ችግር አለብኝ" በሉ። ሰው ሠራሽ በር የገባለት፣ ኢንዶካርዳይተስ ይዞት የነበረ፣ ወይም ቀዶ ጥገና ሳይሠራለት ከንፈሩ የሚጠቁር ልጅ፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ አሞክሳሲሊን ይታዘዝለታል። ለሌላው ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ድሮ ለብዙዎች እንሰጥ ነበር፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 መመሪያውን አጠበበው።

እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣትን እንኳ ባታነሱብኝ ይሻላል። ታናሻችሁን ለዚያ ሊወስዱት ሲሉ ከሰማችሁ፣ አያታችሁም ቢሆኑ በትህትና ተከራከሩ።

አሁን ወደ ትኩሳቱ። ቀናት የቆየ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ፣ ማታ ማታ የሚያልብ፣ ምግብ የሚያስጠላ ትኩሳት የዚሁ የልብ ኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል። ልማዳችን ይታወቃል፤ ሰፈር ካለው ፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ። ትኩሳቱ ይበርድና ቤተሰቡ ተመስገን ይላል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ሆስፒታል ስትመጡ ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አብቅሎ ለመለየት፣ የተቀዳው ደም ምንም ላያበቅል ይችላል። ባክቴሪያው ተዳክሟል እንጂ አልሞተም። ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚፈጅ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በግምት ማከም ለእናንተም ለሐኪሙም ፈተና ነው።

ፓራሲታሞል ውሰዱ፣ ችግር የለውም። አንቲባዮቲኩ ግን ደም ከተቀዳ በኋላ ይሁን። ደሙ ከተለያየ ቦታ ደጋግሞ ሊቀዳ ይችላል፤ ነርሷን አትቆጡ፣ ሥራዋን እየሠራች ነው። ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ግራ የመጋባት ነገር ካለ ደግሞ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤታችሁንና የቀዶ ጥገና ወረቀታችሁን ዛሬውኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። በሌሊት ብትመጡ ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።