ጨው ይሄዳል

ለእናንተ ጂኦሎጂ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

አፋር ውስጥ አሳሌ ላይ ጨው ሲቆረጥ ያየ ሰው፣ ጨው ድንጋይ ነው ቢል አይፈረድበትም። በመጥረቢያ ተመትቶ፣ በእንጨት ተፈንቅሎ ነው የሚነሳው። ከመሬት በታች ግን ጨው ይፈሳል። ቀስ ብሎ፣ በሚሊዮን ዓመታት።

ደለል ሲቀበር ይጠቀጠቃል፣ እየከበደም ይሄዳል። ጨው ግን ብዙም አይጠቀጠቅም። በአንድ በኩል ሲጫኑት ጫናው ወደቀለለበት ይሸሻል። መሬት ተለጥጦ የላዩ ንጣፍ ሲሳሳ ደግሞ ሽቅብ ይወጣል።

ቀይ ባሕርን ተመልከቱ። አፍሪካና ዓረብ ሲላቀቁ፣ በማዮሲን ዘመን (ከ23 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት)፣ ባሕሩ እየተነነ ኪሎ ሜትሮች የሚወፍር ጨው አስቀምጧል። ያ ጨው ከሁለቱም ዳር ወደ መሃሉ ገደል ይንሸራተታል፣ የላዩን ደለል ተሸክሞ። ከዳር በኩል ደለሉ ተለጥጦ ይሰነጠቃል፣ ቁልቁል ሲደርስ ይተጣጠፋል። ሳውዲ ውስጥ ያለችው አሮጌዋ ጂዛን የተሠራችው እንዲህ ሽቅብ በወጣ የጨው ጉልላት ላይ ነው።

ስህተቴንም ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ በሴይስሚክ ምስል ላይ ከጨው ሥር የሚያምር ጉብታ አየሁ። ይህ ምስል ወደ መሬት የተላከ ሞገድ ነጥሮ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳይ ነው። ነዳጅ እንዲህ ባለ ጉብታ ሥር ይጠራቀማልና፣ እዚህ ነው ብዬ በቀይ እርሳስ ከበብኩት። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ባለሙያ አዩትና «ሞገዱ በጨው ውስጥ በምን ፍጥነት ነው የሚሄደው?» ብቻ አሉኝ። በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጎኑ ካለው ለጋ ደለል ይፈጥናል። ቶሎ ስለሚመለስ ከሥር ያለው ንጣፍ ከፍ ያለ ይመስላል። ምስሉን ከጊዜ ወደ ጥልቀት ስንቀይረው ጉብታዬ ጠፋ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ዛሬ የሚታየውን ቅርጽ ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ። ንጣፎቹን ወረቀት ላይ ሳሉ፣ ከላይ ጀምራችሁ አንድ በአንድ አንሱ፣ የቀሩትን ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው መልሷቸው። ወደ ጉልላቱ ሲጠጋ የሚሳሳ ንጣፍ ካገኛችሁ በደንብ ያዙት። እሱ ሲነጠፍ ጨው እየተነሳ ነበር። ውፍረቱ ያልተለወጠው ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት የተኛ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን በደቂቃ ይሠራዋል፤ እባካችሁ መጀመሪያ በእጃችሁ ሥሩት።

ዕድሉ ከገጠማችሁ እዚያው አፋር ውስጥ ወዳለው ዳሎል ሂዱ። እዚያ ጨውን ወደ ላይ የገፋው ከሥር ያለው ቅልጥ አለት እንደሆነ ነው የሚታመነው፣ ታሪኩ ከቀይ ባሕሩ ይለያል። ግን ንጣፎቹ ተገልጠው በዓይን ይታያሉ። ውሃ በብዛት ያዙ። በማለዳ ግቡ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ እጃችሁን ንጣፎቹ ላይ አሳርፉ።