የግንቦት 2012 ዓ.ም. ጥያቄዎቻችሁ፦ የታክሲ መስኮት፣ ፌጦ፣ አማት፣ ሠርግ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ኮሮና ናቸው። ቢሆኑም አይገርምም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ሰው መያዙ ከተነገረ ወዲህ ያልተነካ ነገር የለም። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ምርጫው ተራዘመ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። የፋሲካን ቅዳሴ ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን ተከታተልን፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም ረመዳንን ቤታቸው ሰግደው፣ የዒድ ሰላት እንኳ ያለ ስታዲየም አለፈ። ጥያቄዎቹን ሳነብ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ስለ ራሱ ብቻ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ስለ እናቱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ አማቱ ነው የሚጨነቀው። እንግዲህ እንጀምር።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ከአየር ጤና ሜክሲኮ በታክሲ እመላለሳለሁ። ሰው ማስክ ያደርጋል፣ የሚጫነውም ግማሽ ሰው ነው። ግን መስኮት በከፈትኩ ቁጥር ከኋላ "ዝጊው እንጂ፣ ብርድ ገባ!" ይሉኛል። ባለፈው አንዲት እናት "ልጄ፣ ልትገድይን ነው?" ሲሉኝ ደንግጬ ዘጋሁት። ምን ላድርግ? (ተሳፋሪዋ፣ ከአየር ጤና)

መልስ፦ ክፈቺው! ይሄ የመስኮት ነገር ከኮሮና በፊትም የሚያበሳጨኝ ጉዳይ ነው። ሚያዝያም ይሁን ሐምሌ፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ መስተዋቱ በትንፋሽ ጉም ለብሶ፣ አንድ ሰው ያስላል፣ ሌላው ያስነጥሳል፣ መስኮት ለመክፈት እጁን የዘረጋ ሰው ግን ጥፋተኛ ይሆናል። ምች ይመታናል፣ ጆሯችንን ያመናል፣ ንፋስ ይገባብናል። ሁላችንም እንዲህ እየተባልን ነው ያደግነው፤ ስለዚህ እኚያ እናት ክፉ ሆነው አይደለም። ከእናታቸው የሰሙትን ነው የነገሩሽ።

ነገር ግን ኮሮናን የሚያመጣው ቫይረሱ እንጂ ብርዱ አይደለም። የተያዘ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያወራ ከአፍና ከአፍንጫው የሚወጣው ነው ወደ ሌላው የሚሻገረው። ብዙ ሰው በተዘጋ ቦታ ሲቆይ አደጋው ይብሳል፤ አየር ሲመላለስ ይቀንሳል። ዘንድሮ በ2012 ታሪፉ እጥፍ የሆነው፣ ግማሹ ወንበር ባዶ የሚሄደው እንዳንጠጋጋ ነው። ከድሃ ኪስ ይህን ያህል ገንዘብ እየወጣ መስኮቱ ከተዘጋ፣ የከፈልነው ግማሹ ባክኗል ባይ ነኝ።

አከፋፈቱ ላይ ግን ዘዴ ይኑርሽ። ዝም ብለሽ አትክፈቺው፣ መጀመሪያ ተናገሪ። "እማማ፣ ትንሽ ልክፈተው፣ ለሁላችንም ይሻላል። ብርዱ ካስቸገረዎት እርስዎ ወደ ውስጥ ይግቡ፣ እኔ እዚህ ልቀመጥ" በያቸው። እስከ መጨረሻው መክፈት የለብሽም። በሁለቱም ጎን ትንሽ ትንሽ ከተከፈተ ንፋሱ ፊት ላይ ሳይመታ አየሩ ይለወጣል። ረዳቱንም ከጎንሽ አሰልፊው፣ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ውስጥ የሚውለው እሱ ነውና ከማንም በላይ የሚጠቅመው ለእሱ ነው። ማስኩን አገጩ ላይ የሰቀለ ተሳፋሪ ካጋጠመሽም በቁጣ አይሁን። "ወንድሜ፣ ወረደብህ" ማለት ይበቃል፤ አብዛኛው ሰው አፍሮ ያስተካክለዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ ጠዋት በባዶ ሆዴ ፌጦ በሎሚ፣ ማታ ነጭ ሽንኩርት በማር ታስውጠኛለች። ጨጓራዬ ነደደ። እምቢ ስላት "እንግዲያ ሙት!" ብላ ታኮርፋለች። አሁን ደግሞ እጃችንን በአረቄ ማሸት ጀምረናል። (ጨጓራው የተቃጠለ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። መጋቢት ላይ የሎሚና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ለምን ሰማይ እንደነካ ሁላችንም እናውቃለን። ነጭ ሽንኩርት ደግ ምግብ ነው፣ ዝንጅብል በሻይ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ማርም እንዲሁ። ከኮሮና እንደሚያድኑ ግን የተገኘ ማስረጃ የለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ስለ ነጭ ሽንኩርት ይህንኑ ነው የተናገረው። ጨጓራ ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ ፌጦና ሎሚ ሲወስድ ደግሞ ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ አንተው እያየኸው ነው።

አረቄውን በፍጹም ተዉት። እጅ ለማጽዳት የሚሆን አልኮል ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት፣ የቤት አረቄ ደግሞ ስንት እንደሆነ የሚለካው የለም። ሳሙና እያለ ምን አደከማችሁ? ቫይረሱ ላዩ ላይ የስብ ሽፋን አለው፤ ሳሙና ያንን ያፈርሰዋል። ተራው የልብስ ሳሙናም ይሠራል። በረኪናም ለወለልና ለበር እጀታ ነው፣ ያውም በውኃ ተበጥብጦ፤ ሰውነት ላይ አይፈስም፣ አይጠጣም።

ከእናትህ ጋር ግን አትጣላ። በእጇ ያለው መድኃኒት ፍቅር ነው፣ በፌጦ በኩል ነው የምትሰጥህ። "እማዬ፣ ሆዴን ስላመመኝ ምግብ ከበላሁ በኋላ ዝንጅብል ሻይ አፍይልኝ" በላት። ሥራ ስጣት። እጅ መታጠቡን የሚቆጣጠር ሰው ቤት ውስጥ ያስፈልጋል፣ ከእሷ የተሻለ ተቆጣጣሪ ደግሞ አታገኝም።

ጥያቄ፦ አማቴ ጎረቤታችን ናቸው። ሦስት አራት ጊዜ ካልሳሙ ሰላም ያሉ አይመስላቸውም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ብል "ምነው፣ ጠላሽኝ?" ብለው እንባ አቀረሩ። ባሌ ዝም ይላል። (ምራት፣ ከኮልፌ)

መልስ፦ በ2012ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በእጅ መጨባበጥ ተከልክሏል። ግን አማትሽን በአዋጅ እንዳታናግሪያቸው፣ አደራ። መናገር ያለበት ባልሽ ነው። ልጃቸው "እማዬ፣ ላንቺ ስንል ነው፣ በሽታው በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ይበረታል" ሲላቸው ሌላ ነው፤ ምራት ስትለው ሌላ ነው። ዝምታውን ዛሬ ማታ ይስበር።

ካንቺ የሚጠበቀው ደግሞ ሰላምታውን ማርዘም ነው። የእኛ ሰላምታ እኮ ገና ድሮውንም ግማሹ በአፍ ነው። ከሩቅ ቆመሽ እንዴት አደሩ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ያ ወገብዎ ተሻለዎት ወይ፣ እንቅልፍ ወሰደዎት ወይ እያልሽ ጎንበስ ቀና በይ። አትቸኩይ። ሰው የሚከፋው ስላልተሳመ ብቻ ሳይሆን ቶሎ ብለው ስላለፉት ነው። ቡናውንም አታስቀሪባቸው። እናንተ ደጃፍ፣ እሳቸው ደጃፍ፣ መሐሉ ሁለት ሜትር ይሁንና ጨዋታው ይቀጥል፤ ሲኒው ግን የየራስ ይሁን።

ጥያቄ፦ ለማንም ስደውል ስልኩ ከመነሳቱ በፊት ስለ እጅ መታጠብ ይነግረኛል። ስቸኩል ያናድደኛል። (ነጋዴ፣ ከመርካቶ)

መልስ፦ አውቃለሁ፣ ያናድዳል። ግን አስበው። ቴሌቪዥን የሌለው፣ ጋዜጣ የማያነብ፣ ገጠር ያለ ዘመድህ ጋር መልእክቱ የሚደርሰው በዚች ጥሪ ነው። ዘንድሮ ከተሠሩት ነገሮች ሁሉ ይቺን በጣም እወዳታለሁ።

ጥያቄ፦ ሦስት ልጆች አሉኝ። ትምህርት ቤቱ የቤት ሥራ በቴሌግራም ይልካል፣ ስልክ ያለው እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱንም ይዤ ሥራ እሄዳለሁ። ማታ ደክሞኝ ስገባ ሦስቱም ስልኩ ላይ ይራኮታሉ። እኔ ደግሞ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ረስቻለሁ። (እናት፣ ከሳሪስ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ራስሽን አትውቀሺ። መምህር ሆነሽ አልተቀጠርሽም። ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 7 ጀምሮ ሲዘጉ ሸክሙ በአንድ ሌሊት እናቶች ጀርባ ላይ ነው የወደቀው፤ ይህንን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ማነሱ ያሳዝነኛል።

አሁን የሚሠራውን ልንገርሽ። መምህራኑን ቪዲዮ እንዲቀንሱና የገጹን ፎቶ እንዲልኩ ጠይቂያቸው፣ ዳታ ይቆጥባል። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ስለሆነ ተኝተሽ ሳለ ይውረድልሽ። ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት ትልቁ ልጅ የሁሉንም ጥያቄ ደብተር ላይ ይገልብጥና ስልክሽን ይዘሽ ሂጂ። ቀን ላይ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ትምህርት ይከታተሉ። ትልቁ ለትንሹ ያስረዳ፤ ማስረዳት ራሱ ትልቁን ያስተምረዋል። ሒሳቡን ለማትችይው ደግሞ ግቢያችሁ ውስጥ ቤት የተቀመጠ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይጠፋም፤ እነሱም ከግቢያቸው ወጥተው ቤታቸው ገብተዋል። ደጅ ላይ፣ ማስክ አድርጎ፣ ለግማሽ ሰዓት ቢያስረዳቸው ለእሱም ደስታ ነው። ስልኩ ላይ መራኮቱን ግን ተራ አውጥተሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ክርክር የለም።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለምሠራ ሥራ አላቆምኩም። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ የአሜሪካን ዜና ባየች ቁጥር ታለቅሳለች። ሥራ ላይ እያለሁ ደጋግማ ትደውላለች። "ቤት ነኝ" እያልኩ መዋሸት ከበደኝ። (ከሩቅ)

መልስ፦ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። ሜሪላንድ ከመጋቢት 21 ጀምሮ ሰው ቤቱ ይቀመጥ ሲል አንቺና መሰሎችሽ ናችሁ የወጣችሁት። በሆስፒታሉ፣ በግሮሰሪው፣ በአረጋውያን ቤቱ የቆመው ሐበሻ ብዙ ነው፤ እዚህ ያለነው በቂ ምስጋና አላቀረብንም።

ነገሩ ተገላብጧል አይደል? ድሮ ከዚያ ሆናችሁ ስለ እኛ ትጨነቁ ነበር፤ ዘንድሮ እናቶች ከዚህ ሆነው ስለ እናንተ ሱባኤ ይገባሉ። ለእናትሽ እውነቱን ንገሪያት፤ ዜናው ከሚነግራት ያንቺ ይሻላል። ማስክሽን፣ ጓንትሽን፣ ጋውንሽን አድርገሽ በቪዲዮ አሳያት። አለባበስሽን ካየች ግማሹ ፍርሃቷ ይቀላል። ከዚያ ሰዓት ቁረጡ። ልዩነቱ በግንቦት ሰባት ሰዓት ስለሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብትደውዪላት እሷ ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ ምሳ በልታ ቁጭ ትላለች። ሥራ ስትጨርሺ ደግሞ "ገባሁ" የምትል አጭር መልእክት ላኪላት፤ ስትነሳ ታየዋለች። እናት የምትለምነው ይችኑ ነው። ካመመሽም እንዳትደብቂያት። ከሌላ ሰው የሰማች ቀን ከዚያ በኋላ "ደህና ነኝ" ብትያትም አታምንሽም።

ጥያቄ፦ የቅርብ ጎረቤቴ አባቱ ሞቱበት፤ ኮሮና አይደለም። ድንኳን የለም፣ እድሩም አልተሰበሰበም። ሳልደርሰው ሳምንት አለፈ፣ አሁን ፊቱን ማየት አፈርኩ። (ጎረቤት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ዛሬ ሂድ። ይሄን ጥያቄ ሳነብ በጣም አዘንኩ፤ እንዲህ የቀረ ሰው ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። አዋጁ የከለከለው ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ነው እንጂ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" ማለትን አይደለም። ማስክህን አድርገህ፣ ራቅ ብለህ ተቀመጥ። አታቅፈው፤ ግን ቶሎ አትነሳ፣ ስለ አባቱ ይንገርህ። ለቅሶ ቤት ሰው የሚሄደው ለዚህ ነበር፤ ዘንድሮ ያጣው የሚያዳምጠው ሰው ነው።

እዝኑም አይቅር። ቤት የተሠራ ምግብ ይዘህ በር ላይ አድርስ። ከእድርተኞች ጋር ተነጋግራችሁ ቀን ብትከፋፈሉ፣ ሰኞ አንዱ፣ ማክሰኞ ሌላው እያላችሁ፣ ሰውየው እስከ አርባው ድረስ ብቻውን የሚውልበት ቀን አይኖርም። ማፈሩን ተወው። "ዘገየሁብህ" ብለህ ግባ፣ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሠርጋችን ግንቦት መጨረሻ ነበር። አምስት መቶ ሰው ተጠርቷል፣ ለአዳራሽ ቀብድ ተከፍሏል። እኔና እጮኛዬ አሁኑኑ በጥቂት ሰው መጋባት እንፈልጋለን፤ ሁለቱም ቤተሰቦች ግን "ሰው ምን ይለናል፣ ለመስከረም ይተላለፍ" ይላሉ። (ሙሽራ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ተጋቡ! መስከረም ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ትዳሩ የእናንተ ነው፣ ድግሱ የዘመድ ነው፤ የእናንተ ይቅደም፣ የዘመዱ ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ከአባቶች ጋር፣ ማዘጋጃ ቤት ከሆነ ከክብር መዝገብ ሹሙ ጋር ተነጋገሩና ስንት ሰው እንደሚፈቀድ አስቀድማችሁ እወቁ። ሚዜ አንድ አንድ ይበቃል። ሽማግሌዎቹና አያቶቻችሁ ቀኑን በቪዲዮ ይከታተሉ፣ ምርቃቱንም በስልክ ይላኩ፤ ምርቃት ርቀት አያግደውም።

ለወላጆቻችሁ "ሠርግ አንፈልግም" አትበሏቸው፣ ይከፋቸዋል። ለዓመታት የሰው ሠርግ ሲበሉ ኖረው እነሱም የማብላት ዕዳ አለባቸው፣ ያ ቀልድ አይደለም። "መልሱንና ቅልቅሉን ይሄ ሲያልፍ ሰፋ አድርገን እንደግሳለን" በሏቸውና ቃላችሁን ጠብቁ። ለአምስት መቶውም ሰው በየስማቸው ይደወል፤ በቴሌግራም በጅምላ አይነገር። የቀብዱን ነገር ደግሞ አታዘግዩት። ዛሬውኑ ደረሰኙን ይዛችሁ አዳራሹ ሂዱና ገንዘቡ ለሌላ ቀን እንዲያዝላችሁ በጽሑፍ አስፈርሙ።